አረሙን ከመንቀል ምግቡን መንፈግ

ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየውን ጠላት ለመምታት ይቸኩላል። ያንን ጠላት የሚያበላውንና የሚያጠጣውን ግን ብዙ ጊዜ በገዛ ቤቱ አስቀምጦ ይቀልበዋል። ይህ ነገር በቢሮ ሥራም፣ በእርሻም፣ በትምህርትም የሚታይ ነው። እኛ ግን ዛሬ ይህን ለማስረዳት የምንመርጠው ምሳሌ ከመስተዋት የተሠራ አንድ የውኃ ገንዳ ነው። ገንዳው ትንሽ ስለ ሆነ፣ በሰፊው ባሕር ላይ በብዙ ዓመታት የሚደርሰው ጥፋት በእርሱ ላይ በጥቂት ሳምንታት ይታያል። ስለዚህ ለሚያስተውል ሰው ጥሩ አስተማሪ ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሰዎች የባሕር ውኃ በመስተዋት ገንዳ አጠራቅመው፣ በውስጡም የባሕር ዓሦችንና ኮራል የሚባለውን ፍጥረት በቤታቸው ያኖራሉ። ገንዳውንም አኳሪየም ይሉታል። ይህን ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያገኘው ጠላት አንድ ዓይነት ነው፤ እርሱም አልጌ ነው። በቆመ ኩሬ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነገር የዚሁ ወገን ነው። በገንዳው ውስጥ አንዳንዱ እንደ ፀጉር ረዝሞ ድንጋዩን ያለብሳል፤ አንዳንዱ እንደ ትናንሽ አረንጓዴ ኳስ ያብጣል፤ አንዳንዱም መስተዋቱን እንደ አቧራ ይሸፍናል። ዝም ከተባለ ኮራሉን ውጦ ይገድለዋል።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ኮራል ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። አፍና በአፋቸው ዙሪያ ቀጫጭን እጆች ያሏቸው ብዙ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው እንደ አንድ ማኅበር ይኖራሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰዱ ከበታቻቸው የኖራ ድንጋይ አፅም ይሠራሉ። ይህም አፅም በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት እየተደራረበ በባሕር ውስጥ ታላላቅ ቋጥኝ ይሆናል፤ ሪፍ የሚባለውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ቋጥኝ የሚሸፍነው ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላውን ቢሆንም፣ ከባሕር ፍጥረታት ዓይነቶች ሩብ ያህሉ ኑሮአቸው ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነርሱም የፀሐይን ብርሃን እየተቀበሉ ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉም ለኑሮው ከሚያስፈልገው አብዛኛውን ከእነርሱ ያገኛል። በለውጡም መጠለያ ይሰጣቸዋል፤ ከእርሱ የሚወጣውም እድፍ ለእነርሱ ማዳበሪያ ይሆናቸዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ኮራሉን የሚገድለው አልጌ ነው፣ ኮራሉን የሚመግበውም አልጌ ነው። ጠላቱ የአልጌ ዘር ሁሉ ሳይሆን ከመጠንና ከቦታ ያለፈው ነው። ይህን ሳይለይ «አልጌ የተባለ ሁሉ ይጥፋ» ብሎ የሚነሣ ሰው ሊያድነው የፈለገውን ራሱን ይገድለዋል።

አሁን አንድ ሰው አዲስ ገንዳ አቋቋመ እንበል። ውኃውን ከቧንቧ ቀድቶ የባሕር ጨው ይጨምርበታል። ብርቱ መብራት ይሰቅላል። ዓሦቹን ስለሚወዳቸው በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ያበላቸዋል። ዓሦቹ የተዉት ፍርፋሪና ከእነርሱ የሚወጣው እድፍ በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ደግነቱ በድንጋዩና በአሸዋው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ዓሣውን ቶሎ አይገድልም፤ ነገር ግን ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። ከምግቡና አንዳንድ ጊዜም ከቧንቧው ውኃ የሚመጣው ፎስፌትም እንዲሁ ማዳበሪያ ነው፤ ከዚህም በላይ ሲበዛ ኮራሉ የኖራ አፅሙን እንዳይሠራ ያሰናክለዋል። በእርሻ ላይ ዩሪያና ዳፕ የሚሠሩትን በገንዳው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ይሠሩታል ማለት ነው። ልዩነቱ ገበሬው ማዳበሪያውን አውቆ ለሰብሉ ሲሰጥ፣ ባለ ገንዳው ግን ሳያውቅ ለአረሙ መስጠቱ ነው።

ከዚያ በኋላ አልጌው ይበቅላል። ሰውየውም ይደነግጣል፤ ወደ ገበያ ሄዶም «አልጌ የሚያጠፋ» የተባለ መድኃኒት ይገዛል። እኛ የምንቃወመው ይህን እርምጃ ነው። ምክንያታችንም ሦስት ነው።

አንደኛ፣ አልጌው በመድኃኒት ሲሞት የትም አይሄድም። እዚያው በስብሶ የበላውን ማዳበሪያ ሁሉ መልሶ ለውኃው ያስረክባል፤ ሲበሰብስም በውኃው ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርስ ዓሦቹ በሌሊት ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ ያለባቸው ናቸው። መዳብ ለኮራል፣ ለቀንድ አውጣና አከርካሪ ለሌላቸው ሌሎች እንስሳት መርዝ ነው፤ ባክቴሪያ የሚገድሉትም ያንን አሞኒያ የሚያጸዳውን ወገን አብረው ሊጎዱ ይችላሉ። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ምግቡ ሳይቋረጥ ስለሚቀር አልጌው ተመልሶ መብቀሉ ነው። በዚያን ጊዜ ሰውየው መድኃኒቱን እጥፍ ያደርጋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ወጣት ሠራተኞቻችን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሰውየው ውኃውን በመመርመሪያ ቢመረምር ናይትሬቱም ፎስፌቱም ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። «እንግዲያው ውኃዬ ንጹሕ ነው፤ አልጌው ከየት መጣ?» ይላል። መልሱ ቀላል ነው፤ ማዳበሪያው በውኃው ውስጥ ያልተገኘው አልጌው ስለ በላው ነው። ሒሳቡ የጠፋው ገንዘቡ ስላልመጣ ሳይሆን ሌባው ቀድሞ ስለ ወሰደው ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈ ንጹሕ ቁጥር ሁሉ የንጽሕና ምስክር አይደለም፤ ቁጥሩን ያነበበ ሰው ቀና ብሎ ድንጋዩንም ማየት አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ የምንደግፈው መንገድ ቅደም ተከተል ያለው ነው። በመጀመሪያ ምንጩን መዝጋት ነው። የቧንቧውን ውኃ በደንብ በሚያጣራ መሣሪያ አጥርቶ፣ ጨውን በዚያ በተጣራው ውኃ መበጥበጥ ያስፈልጋል። ምግቡን ዓሦቹ ወዲያው በልተው በሚጨርሱት መጠን መወሰን፣ በበረዶ የተቀመጠ ምግብ ከሆነም አቅልጦ ፈሳሹን መድፋት ይገባል። የዓሦቹ ቁጥር ከገንዳው አቅም በላይ ከሆነ መቀነስ ግድ ነው።

ሁለተኛው የገባውን ማውጣት ነው። አልጌውን በእጅና በብሩሽ ነቅሎ በቀጭን ቱቦ ስቦ ከገንዳው ውጭ መጣል ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የበላው ማዳበሪያም አብሮት ይወጣል። ነቅሎ እዚያው መተው ግን መበተን ነው። በየሳምንቱ ከውኃው ከመቶ አሥር እጅ ያህሉን መለወጥ፣ እንዲሁም በአየር አረፋ አማካይነት እድፉን ሳይበሰብስ የሚያወጣውን መሣሪያ ማሠራት የብዙዎች ልማድ ነው።

ሦስተኛው ዘበኞችን ማቆም ነው። ቀንድ አውጣ፣ የባሕር ጃርት፣ ደግሞም እንደ ከብት አልጌ የሚግጡ ዓሦች ቀን ከሌት ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ዘበኛው የሚጠብቀው የተጸዳውን ነው እንጂ ዱር የሆነውን አይመነጥርም፤ ረዥሙን ፀጉር ሰው በእጁ ካልነቀለው ቀንድ አውጣው ብቻውን አይችለውም።

አራተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ብልኅነት ያለበት ነው፤ ይኸውም አልጌን በአልጌ ማሸነፍ ነው። ከዋናው ገንዳ አጠገብ ሌላ ትንሽ ገንዳ ተሠርቶ፣ መብራት ተሰጥቶት፣ በእርሱ ውስጥ የተመረጠ አልጌ እንዲያድግ ይደረጋል። ይህ አልጌ ማዳበሪያውን ሲበላ፣ ባለቤቱ በየጊዜው እያጨደ ይጥለዋል። በአሜሪካ በስሚዝሶንያን ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዋልተር አዴ የተባሉት ሊቅ የሪፍን አሠራር አጥንተው፣ አልጌን እያሳደጉና እያጨዱ ውኃ የማጽዳትን ዘዴ አሳውቀዋል። ከእርሳቸው በፊትም በጃካርታ ይኖሩ የነበሩት ሊ ቺን ኤንግ፣ ከባሕር ሕይወት ያለበት ድንጋይ አምጥቶ በአየር አረፋ ብቻ ውኃውን በማንቀሳቀስ ገንዳ በተፈጥሮ መንገድ ሊጠበቅ እንደሚችል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ጽፈው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ሌሎች ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ ተፈጥሮን እየተዋጉ ሳይሆን እያሠሩ መግዛት ይሻላል።

«ይህ ሁሉ ስለ አንድ የመስተዋት ገንዳ ነው፤ ለታላቁ ባሕር ምን ይረዳዋል?» የሚል ቢኖር፣ ታላቁ ባሕር ራሱ ይመስክር።

በጃማይካ ደሴት ዙሪያ የነበረው ሪፍ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ግማሽ ያህሉ ሕይወት ባለው ኮራል የተሸፈነ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲመረመር ኮራሉ ከመቶ አምስት እጅ በታች ወርዶ፣ አልጌው ከመቶ ዘጠና በላይ ይዞት ተገኘ። እንዴት ሊሆን ቻለ? አልጌ የሚግጡት ዓሦች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከመጠን በላይ ተጠምደው አልቀው ነበር። የዘበኝነቱን ሥራ ብቻውን የያዘው እሾኹ ረዥም የሆነ ጥቁር የባሕር ጃርት ነበር። በ1980 ዓ.ም. አሌን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረው። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከፓናማ አካባቢ የተነሣ በሽታ በመላው የካሪቢያን ባሕር ተዛምቶ፣ ካለፈባቸው ቦታዎች በብዙዎቹ ከጃርቶቹ ከመቶ ዘጠናውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ፈጀ። ብቸኛው ዘበኛ ሲሞት በሩ ክፍት ሆነ፤ አልጌውም ገባ።

ከዚህ የምንማረው አንድን ታላቅ ሥራ በአንድ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ብቻ ጥሎ መተማመን አደገኛ መሆኑን ነው። ዓሦቹ በጊዜያቸው ቢጠበቁ ኖሮ የጃርቶቹ ሞት ይህን ያህል ባልጎዳ ነበር። ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2022 ዓ.ም. በካሪቢያን ያሉት ጃርቶች እንደ ገና አለቁ፤ በ2023 ዓ.ም. ሊቃውንት የዚህኛውን እልቂት ምክንያት መርምረው፣ በዓይን የማትታይ አንዲት ጥቃቅን ፍጥረት መሆኗን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ተመሳሳይ እልቂት በእኛው ጎረቤት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤላትና በአቃባ ሰላጤ ደረሰ።

ሁለተኛው ምስክር ተስፋ ያለበት ነው። በሃዋይ በኦሁ ደሴት ካኔኦሄ የሚባል የባሕር ሰላጤ አለ። ለብዙ ዓመታት የከተማው ቆሻሻ ውኃ ወደዚያ ይፈስስ ስለ ነበር አንድ አረንጓዴ አልጌ በዝቶ ኮራሉን እየሸፈነ ገደለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ቆሻሻው ውኃ በቱቦ ተወስዶ ወደ ጥልቁ ባሕር እንዲፈስስ ተደረገ። ከሰላጤው ውስጥ ኮራሉ ማገገም ጀመረ፤ አልጌውም በብዙ ቦታ ቀነሰ። ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የቀረውም በ2006 ዓ.ም. ለሳምንታት ዝናብ ዘንቦ ደመናው ብርሃኑን በከለከለው ጊዜ እጅግ መነመነ። ምንጩ ከተዘጋ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊጠጋ ነው ማለት ነው!

በዚያው ሰላጤ በ1970ዎቹ ለእርባታ ሙከራ ከውጭ የመጣ ሌላ የባሕር አረምም ተስፋፍቶ ነበር። የአገሩ ሠራተኞች በመጀመሪያ ውኃ በሚስብ ፓምፕ በጀልባ ላይ ሆነው አረሙን አወጡ፤ ቀጥለውም በእርባታ ጣቢያ ያሳደጓቸውን የአገሩን የባሕር ጃርቶች በመቶ ሺህ እየቆጠሩ ለቀቁባቸው። በመጀመሪያ ምንጭ መዝጋት፣ ቀጥሎ ነቅሎ ማውጣት፣ ከዚያም ዘበኛ ማቆም፣ በመጨረሻም መታገሥ፤ በመስተዋቱ ገንዳ ያየነው ሥርዓት በሰላጤውም ያው ነው።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የታየውን እምቦጭ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አይተናል። ያ ድካም የሚመሰገን ነው፤ ነቅሎ ከሐይቁ ማውጣትም ትክክለኛ ሥራ ነው። ነገር ግን እምቦጩ የሚመገበው ከተራቆተው መሬት በጎርፍ የሚወርደውን አፈር፣ ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈስሰውን እድፍ ነው። ዳገቱ ካልታሰረ ሐይቁ በየዓመቱ ይቀልበዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላው ስሕተት እንናገር። ይህን ምክር የሰማ ትጉህ ሰው «እንግዲያው ናይትሬትና ፎስፌትን ፈጽሜ ላጥፋ» ይል ይሆናል። ይህም ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ጥቂት ማዳበሪያ ካላገኙ ይራባሉ፤ ኮራሉም ይገረጣል፣ ዕድገቱም ይቆማል። ደግሞም ውኃው እጅግ ሲራቆት፣ ሌላው ሁሉ ሲዳከም፣ ቡናማ ዝልግልግ የሆነ ሌላ ጥቃቅን ፍጥረት ድንጋዩን ሊወርሰው ይችላል። ይህ ከፀጉር መሰሉ አልጌ ይልቅ የሚያስቸግር ሲሆን፣ አንዳንዱ ዓይነት የበሉትን ቀንድ አውጣዎች ይገድላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናይትሬቱን በአንድ ሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱንም ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ባለው መካከል ለመጠበቅ ይጥራሉ። ቁጥሩ በየገንዳው ጥቂት ቢለያይም ሐሳቡ ግልጥ ነው፤ ግቡ ባዶነት ሳይሆን ልክ ነው።

ለውጡም በአንድ ሌሊት መሆን የለበትም። ድንጋዩ በብዙ ወራት የመጠጠውን ፎስፌት ምንጩ ከተዘጋ በኋላም ቀስ በቀስ ይለቅቀዋል፤ ስለዚህ አልጌው ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። አምስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ነገሩ ቢሻሻል የትኛው እንደ ጠቀመው፣ ቢከፋም የትኛው እንደ ጎዳው አያውቅም። አንዱን ለውጦ፣ በደብተር ጽፎ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጠብቆ የሚያይ ሰው ግን ዓመት ሳይሞላው አዋቂ ይሆናል።

«ኮራልን በመስተዋት ማኖር የባለጠጋ ጨዋታ አይደለምን?» የሚሉም አሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው። ከሪፍ ተሰብሮ የሚሸጥ ኮራል አለ፤ ገዥው በቸልታ ሲገድለው የባሕሩን ሀብት አጠፋ ማለት ነው። የድንጋያማ ኮራሎች ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር የዋለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የምንለው፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ኮራል አይግዛ፤ የሚገዛም ከባሕር የተሰበረውን ትቶ በገንዳ የተራባውን ይምረጥ ነው። በጥንቃቄ የሚጠብቅ ሰው ግን ዛሬ በጥቂቱ የሚያውቀው ነገር ነገ ለብዙ ሊጠቅም ይችላል። የባሕሩ ሙቀት ከለመዱት የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ኮራሎች በውስጣቸው ያሉትን አልጌዎች አውጥተው ይነጣሉ። በሚያዝያ 2024 ዓ.ም. አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱ ተነግሯል። ነጥቶ የሞተውን ኮራል ቶሎ የሚወርሰው ያው አልጌ ነው። ስለዚህ ኮራልን ማራባት፣ አልጌንም በልኩ መግዛት የሚያውቁ እጆች ከቶ የሚናቁ አይደሉም።

ወጣቶቻችን ከዚህ ገንዳ አንድ ነገር ቢወስዱ ይበቃናል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስትቀመጡ፣ አቤቱታውም፣ ጉድለቱም፣ ጥፋቱም እንደ አልጌ በፊታችሁ በቅሎ ታገኙታላችሁ። መንቀል ያስመሰግናል፤ ሰው ሁሉ ያየዋልና። ምንጩን መዝጋት ግን ለብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሠራውም ሰው «ምን ሠራ?» ይባላል። እናንተ ግን ዛሬ የታየው አረም ትናንት ምን እንደ በላ ጠይቁ፤ ምግቡንም ንፈጉት። ከዚያ በኋላ ደብተራችሁን ይዛችሁ ጠብቁ።